ያልፈለግሁት ዝግ ትእዛዝና እግሩ ያላረፈው በሬዬ

መጋቢት 6 ቀን 1981 ዓ.ም.
ጂንካ

ለተከበሩ ጓድ ጎሳዬ ተሰማ
የነሪ ማዶ የእንስሳት ሕክምናና ማቆያ ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ታሞ ገብቶ፣ ድኖ፣ ወፍሮ፣ ነገር ግን ሊገኝ ያልቻለ አንድ በሬን ይመለከታል

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በጠረጴዛዎ ላይ በቁመታቸው ተራ ለተደረደሩት ሦስት ማኅተሞች የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ አክባሪዎ ሙሴ ዳርጌ ደህና ነኝ። ባለቤቴ አየለችም ከንዴት በስተቀር ምንም አላመማትም። በሬያችን ቦራም እጅግ በጣም ደህና ነው፤ እንዲያውም ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ የእርሱ ደህንነት ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና በገበያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ስለሚለጠፍ፣ ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። በጂንካ ከተማ ከገበያው አጠገብ ባለው በረንዳ ላይ አንዲት ጠረጴዛና አንድ ጠርሙስ ቀለም ይዤ ለሃያ ሁለት ዓመታት ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመሬት ማመልከቻ፣ የፍቺ ማመልከቻ፣ የዝውውር ማመልከቻ፣ እንዲሁም “ቀደም ሲል ያቀረብኩት ማመልከቻ ስለጠፋ” የሚል ማመልከቻ ጽፌአለሁ። እርስዎም ቢሆኑ የአሁኑን ሹመትዎን ሲጠይቁ ጽሑፍዎ እንዲያምር ብለው ወደ እኔ በረንዳ ብቅ ብለው ነበር። ማመልከቻው ይኸው ተሳክቶልዎታል፤ ጥፋቱ የእኔም ነው ማለት ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ወር ለስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄደው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ኮርስ ተከታትለው መመለስዎን የከተማው ሕዝብ በደስታ ያስታውሳል። ኮምፒዩተር የሚባለውን ነገር ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር ቆመን ስንጠብቅ፣ እርስዎ አንድ ሻንጣና አንድ ደብተር ብቻ ይዘው ወረዱ። ዕቃው የት አለ ተብለው ቢጠየቁ፣ ዋናው ዕቃው ሳይሆን አሠራሩ ነው፣ አሠራሩን ደግሞ ይዤ መጥቻለሁ ብለው በጣትዎ ግንባርዎን ነካ አደረጉ። እኛም አጨበጨብን። 

በማግስቱ በአዳራሽ ሰብስበው እንዳስረዱን፣ በፕሮግራም ውስጥ ፈንክሽን የሚባል አንድ የሥራ ክፍል አለ። ይህ ፈንክሽን ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ይቀበላል፤ ለምሳሌ የእኛ ጣቢያ ከብት ይቀበላል፣ የበሽታ ስም ይቀበላል፣ የባለቤት ስም ይቀበላል። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር ሊሰጠው ይችላል፤ ይኸውም ራሱ ሌላ ትንሽ ሥራ ነው። ፈረንጆቹ ክሎዠር ይሉታል ብለው፣ እርስዎ “ዝግ ትእዛዝ” ብለው ተረጎሙልን። ፈንክሽኑ ይህን ዝግ ትእዛዝ ሳይከፍት ይዞት ይቆያል፤ ዋናውን ሥራ ሲጨርስ ብቻ ይከፍተውና የተባለውን ይፈጽማል። ትእዛዙም በተጻፈበት ሰዓት በዙሪያው የነበረውን ነገር ሁሉ አጥፎ ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያምረው ግን ይህ ነገር ግዴታ አለመሆኑ ነው አሉን። የፈለገ ይሰጣል፣ ያልፈለገ ይተወዋል፤ ፈንክሽኑም ሥራውን ሲጨርስ ትእዛዝ አለ ወይስ የለም ብሎ ያያል፣ ካለ ይከፍታል፣ ከሌለ ምንም ሳይል ሥራውን ዘግቶ ይሄዳል። ይህንን ሲነግሩን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ከሌላ ወረቀት ጋር አያይዘው አሳዩን። እውነት ለመናገር ነገሩ ቆንጆ ነበር፤ እኔ በበኩሌ በሃያ ሁለት ዓመት የጽሕፈት ሥራዬ ይህን ያህል ያማረ ሐሳብ ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ ሁኔታ ቅጽ ቁጥር ሰባት ተወለደ። ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ስድስት የከብቱ፣ የበሽታውና የባለቤቱ ነገር ይሞላል። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ “ዝግ ትእዛዝ (ከተፈለገ)” የሚል ተጽፏል። በእነዚያ በሁለት ቅንፎች መካከል ባለችው “ከተፈለገ” በምትለው ቃል ተማምነን የኖርን ሰዎች የደረሰብንን በደል እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ ዶላሞ ጣቶች

ጓድ ዶላሞ መርፌ የሚወጋውና ዝግ ትእዛዝ የሚከፍተው የጣቢያዎ ሠራተኛ ነው። ሥራ ወዳድ ሰው ነው፤ አንድም ክፉ ነገር አልናገርበትም። ቅጹ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ አንጁሎ አህያውን ለክትባት አመጣ። ተራ ቁጥር ሰባትን፣ ስላልፈለገ፣ አልሞላውም። ዶላሞ አህያዋን ከተበ፤ ከዚያም ዝግ ትእዛዙን ለመክፈት እጁን ወደ መርፌ ቁልፉ ሰደደ። ትእዛዝ የለም፤ መርፌ ቁልፍም የለም። ለዶላሞ የተሰጠው የሥራ መመሪያ ደግሞ “ክፈት፣ ፈጽም” ብቻ ይላል። መጀመሪያ መኖሩን እይ የሚለውን እርስዎ በአዳራሹ ለእኛ በቃል ነገሩን እንጂ ለእርሱ በጽሑፍ አልሰጡትም። ስለዚህ ያ ምስኪን የሌለ ወረቀት ለመክፈት ሲሞክር እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ጣቶቹን በአየር ላይ ቀስሮ፣ ከአህያዋ ጎን ቀጥ ብሎ ቆመ። ከበላይ መመሪያ ካልመጣ አልንቀሳቀስም አለ። ከኋላው አሥራ ሁለት ፍየል፣ አምስት ላምና አንድ የታመመች በቅሎ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ተሰልፈው ቆዩ፤ ጣቢያው በሙሉ ቀጥ አለ። እርስዎ በወቅቱ በስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው የሥራ ቅልጥፍናን የሚመለከት እንደነበር ሰምተን በጣም ተጽናናን።

፪. ባዶ ነገር ስለ መጻፍ

ከስብሰባው ሲመለሱ ሁለት ቃል የሚሆን ዓረፍተ ነገር ለዶላሞ ጽፈው ቢሰጡት ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። “መኖሩን እይ” ማለት እኮ ነው። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ከማስቸገር መላውን አውራጃ ማስቸገር ይሻላል ብለው በአርቆ አሳቢነት ስለወሰኑ፣ ማንኛውም ባለ ከብት ዝግ ትእዛዝ ሳያያይዝ ቅጽ እንዳያስገባ የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ለጠፉ። “ከተፈለገ” የምትለው ቃል ግን ከቅጹ አልተሰረዘችም። የመዝገብ ቤቷን ወይዘሪት ባዩሽን ይህ ቃል ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቃት፣ የሚፈልገው ጣቢያው ነው ስትል በትሕትና መለሰችልኝ።

ይኸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአሪ ተራራ የሚወርደው፣ ከበና የሚመጣው፣ ከጸማይ የሚመጣው ሰው ሁሉ በረንዳዬ ላይ እየተሰለፈ ምንም የማያዝ ትእዛዝ ጻፍልኝ ይለኝ ጀመር። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር እንድጽፍ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ “ምንም” የሚባለውን ነገር እንድጽፍ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ወረቀቱን በአራት አጥፌ፣ ውስጡን ባዶ አድርጌ፣ በጥንቃቄ በመርፌ ቁልፍ አያይዤ እሰጣቸዋለሁ። ዶላሞ ይከፍታል፣ ባዶውን በክብር ያነባል፣ “ተፈጽሟል” ብሎ ይፈርማል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን ያህል በቶሎ የተፈጸመ ጉዳይ ጽፌ ስለማላውቅ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

፫. ስለ ዘሪቱ ፍየል

ወይዘሮ ዘሪቱ የምትባል የሰፈራችን ሴት በጥቅምት ወር አንዲት ፍየሏ ታማባት ስታመጣት፣ ባዶ አልልክም ብላ ፍሬ ያለው ትእዛዝ አስጻፈችኝ። ትእዛዙ “ፍየሏ ስትድን ለጎረቤቴ ለአስካለ ስጡልኝ፣ እርሷ ታቆይልኛለች” የሚል ነበር። በዚያን ሰዓት ሁለቱ ሴቶች አንድ ገበታ የሚበሉ፣ አንድ ሳሙና የሚካፈሉ ሰዎች ነበሩ። ፍየሏ ግን በማቆያው ለሦስት ወር ቆየች። በሦስት ወር ውስጥ ዘሪቱና አስካለ በአጥር ድንበር ተጣሉ፤ እንደ ሰማሁት አንዷ በሌላዋ ደጅ በኩል ላለማለፍ ገበያ የሚሄዱት በዙሪያ መንገድ ሆኗል። ዝግ ትእዛዙ ግን ይህን አይሰማም፤ እርሱ የሚያውቀው በጥቅምት ወር የነበረውን ፍቅር ነው። ጣቢያዎ ፍየሏን አጥቦ፣ ማኅተም ባለበት ወረቀት አስደግፎ፣ ለአስካለ አስረከበ። ዘሪቱ ብትጮህ፣ ብታለቅስ፣ አስካለ መንግሥት የሰጠኝን ፍየል አልመልስም ብላ ወረቀቱን ከግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሁለቱም እኔን ሰላም አይሉኝም። በዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማምተዋልና ለማስታረቅ ላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን።

፬. ስለ ቦራ

እስካሁን የጻፍኩት የሰው በደል ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። 

ከጂንካ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ አንዲት ቁራሽ መሬት አለችኝ። ያለኝ በሬ አንድ ነው፣ ቦራ። አንጁሎም ያለው አንድ ነው፣ ዳልቻ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና እኔና አንጁሎ ከተቀናጀን ስምንት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእርሱን እናርሳለን። ስለዚህ ቦራ ሲጠፋ የተጎዳው አንድ ቤት አይደለም፤ ሁለት ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የማስረዳው እርስዎ ከቅጽ ውጭ ያለ ነገር ማሰብ እንደሚከብድዎ ስለማውቅ ነው።

በታኅሣሥ ወር ቦራን ገንዲ የሚባለው፣ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ ያዘው። ከሳ፣ አንገቱን ደፋ፣ ሣር እምቢ አለ። ወደ ጣቢያዎ ወሰድኩት። ለሌላው ሰው ሁሉ ባዶ ትእዛዝ እያጠፍኩ ስሰጥ ከርሜ፣ የራሴ ተራ ሲደርስ ግን ክብሬ ትዝ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ከቃል ጋር የኖርኩ ሰው “ከተፈለገ” የሚለውን አንብቤ አልፈለግሁም ማለት ካልቻልኩ ጽሕፈቴ ምን ዋጋ አለው ብዬ ተራ ቁጥር ሰባትን ባዶውን ትቼ አስገባሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አየለች ግን ታውቃለች፣ በየቀኑም ትነግረኛለች።

ወይዘሪት ባዩሽ ቅጹን ተቀብላ ባዶውን ቦታ አየች። ደግ ልጅ ናት፤ ቅጹ ተመላሽ ሆኖ በሬዬ ሳይታከም እንዳይቀር ብላ፣ ከመሳቢያዋ አንድ የተዘጋጀ ዝግ ትእዛዝ አውጥታ አያያዘችልኝ። እነዚህ የመሳቢያ ትእዛዞች ትእዛዝ ለረሳ ሰው ተብለው በስቴንስል የተባዙ መሆናቸውን ያን ጊዜ አላወቅሁም። የተባዙትም እርስዎ በአዳራሹ ለማሳያ ካጠፏት ወረቀት ነው። እርስዎ ደግሞ ለማሳያ የጻፉት ስለ ጣቢያው ኮርማ ነበርና፣ በሁሉም ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፦ “ሕክምናው ሲያበቃ ወደ ኦሞራቴ ማቆያ ይላክ።”

ቦራ ታከመ። እውነቱን ለመመስከር ሕክምናው ግሩም ነበር። ታኅሣሥ 27 ቀን ሐሙስ በሬዬን ልረከብ ገመድ ይዤ ስመጣ፣ ዶላሞ ዝግ ትእዛዙን ከፍቶ ፈጽሞ፣ ቦራ በጣቢያው የጭነት መኪና ላይ ቆሞ በቀይ አፈር መንገድ አቧራ እያስነሳ ሲሄድ አየሁት። በሬዬ በሕይወቱ መኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም። ኦሞራቴም ወንዝ ዳር ያለ የቆላ አገር ነው፤ የእኔ በሬ ደጋ ለምዶ ያደገ ነው፣ እዚያ ዘመድ የለውም።

የኦሞራቴው ማቆያ ኃላፊ ደግሞ የእርስዎን ሥልጠና በሚገባ የተከታተለ ሰው ነው። የእርሱም መሳቢያ የራሱ ዝግ ትእዛዝ አለው፤ “ሲመዘገብ ወደ አርቦሬ ይላክ” ይላል። የአርቦሬው ኃላፊም ተማሪዎ ነው፤ የእርሱ ደግሞ “ለምርመራ ወደ ጂንካ ይላክ” ይላል። ቦራ በሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ጂንካ ተመልሶ መጣ። እሰይ ብዬ ሮጥኩ። ነገር ግን ከቆላ የገባ ከብት ሁሉ ገንዲ ይመረመራል የሚል ደንብ ስላለ መረመሩት፣ በቅጹም ላይ ገንዲ የሚል ስላለ ወጉት፤ ሕክምናው አበቃ፤ ባዩሽ ትእዛዝ የሌለበት አዲስ ገቢ መሆኑን አይታ ከመሳቢያዋ አንድ አያያዘች፤ ዶላሞ ከፈተ፤ ከሰዓት በኋላ ቦራ ወደ ኦሞራቴ ሄደ።

እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ዞሯል። አንድ በሬ ይህን ያህል አገር ሲያይ ሰምተው ያውቃሉ? በየጣቢያው ሣር ስለሚሰጠውና ሥራ ስለሌለው ጎኑ ሞልቶ፣ ጀርባው እንደ አልጋ ሰፍቷል። የገንዲ መርፌም አምስት ጊዜ ስለተወጋ በዚህ አገር ከእርሱ ይበልጥ የታከመ ፍጡር ያለ አይመስለኝም። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ በመኪናው ጎን ቆሜ አየዋለሁ፤ አንዳንዴ አንገቱን ዘርግቶ እጄን ይልሳል። ያኔ በስሙ እጠራዋለሁ፤ መቼም በሬ ነው ብለው አይሳቁብኝ።

ለምን ገመዱን ይዤ እንዳልወሰድኩት ይጠይቁኝ ይሆናል። በደንብዎ መሠረት ባለቤት ከብቱን የሚረከበው ሥራው ሲያበቃ ነው። ሥራው የሚያበቃው ዝግ ትእዛዙ ሲፈጸም ነው። ዝግ ትእዛዙ ሲፈጸም ደግሞ በሬው የለም። ትእዛዙ ይቀየርልኝ ብዬ ባመለክት፣ ዝግ ትእዛዝ ማንሳት የሚችለው የጻፈው ሰው ብቻ ነው ተባልኩ። የጻፉት እርስዎ ነዎት ብላቸው፣ ልክ ነው፣ ነገር ግን ኃላፊው የባለጉዳይ ዝግ ትእዛዝ ውስጡን ማየት አይፈቀድላቸውም አሉኝ። ደጅ ስጠና እግሬ ቀጠነ። በመጨረሻም በየካቲት ወር ከቢሮዎ አስገብተው ጉዳዬን እስከ መጨረሻ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ የተናገሩትን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚህ አሰፍረዋለሁ፦ “ጓድ ሙሴ፣ አሠራሩ ምንም ስህተት የለበትም። የታዘዘውን ፈጽሟል።”

ይህንኑ ለአንጁሎ ነገርኩት። አንጁሎ አማርኛ የሚናገረው ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ቃል መዝኖ ነው። ለቦራ መዳን ሲጸልይ የከረመ ሰው ነው። “ሙሴ፣ በሬያችን ድኗል አይደል?” አለኝ። አዎ አልኩት። “ታዲያ ለምን የሞተብን ይመስላል?” አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ምናልባት እርስዎ ቅጽ ይኖርዎታል።

ዝናቡ ባለፈው እሑድ ጀመረ። ጎረቤቶቻችን አንድ ጊዜ አርሰው ለሁለተኛው ተነስተዋል። አንጁሎ ዳልቻን ቀንበር ሥር አስገብቶ በሌላኛው ወገን እርሱ ራሱ ሊገባ ሲል ሚስቱ ናት የያዘችው። እኔ፣ ለብዕር እንጂ ለዶማ ያልተፈጠርኩት ሰው፣ ከአየለች ጋር መሬቱን በዶማ እየቆፈርኩ ነው፤ በሦስት ቀን የቆፈርነው የአንድ ሰዓት የበሬ ሥራ አይሆንም። በዚህ ሳምንት ካልታረሰ ዘንድሮ ማሽላም በቆሎም የለም፤ በሁለት ቤት ዘጠኝ ነፍስ አለ። ጓድ ኃላፊ፣ እስከዚህ ድረስ ስቀልድ ቆይቻለሁ፤ እዚህች ላይ ግን አልቀለድኩም።

፭. ልመናዬ

ልመናዬ አጭር ነው። ኮምፒዩተር አያስፈልግም፣ ስብሰባም አያስፈልግም፣ አዲስ ቅጽ በጭራሽ አያስፈልግም። ነገ ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሲገባ ዶላሞን ጠርተው፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የተማሩትን ያችን አንዲት ነገር ይንገሩት፤ ዝግ ትእዛዝ አለ ወይ ብሎ ይይ፣ ካለ ይክፈት፣ ከሌለ ባለቤቱን ይጥራ። ወይዘሪት ባዩሽም መሳቢያዋን ለአንድ ቀን ትቆልፍ። የማይፈልግ ሰው አለመፈለጉን ብታምኑት ምን ይጎድልባችኋል? በአዳራሹ ያስረዱን እኮ ይህንኑ ነበር፤ እኛ ሁላችን የገባን ነገር ለእርስዎ ለአስተማሪው ሳይገባ ይቀራል ብዬ አላስብም፣ ብዙ ሰው ግን ያስባል።

ጊዜዎን ወስደው ይህን ስላነበቡልኝ፣ ከብቶቻችንን ስላዳኑልን፣ ካዳኑልን በኋላም አገራቸውን እንዲያውቁ ስላዞሩልን፣ እንዲሁም የአንዲት ቃል ትርጉም ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል በሽማግሌነቴ ስላስተማሩኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። ማኅተሞችዎ አይድረቁ፣ መርፌ ቁልፍዎ አይለቅብዎ፣ ወንበርዎም እርስዎ እስካሉበት ድረስ ይጽና።

በዶማ እጁ የተላጠ፣ ሆኖም ፊደሉ ገና ያልተበላሸ አክባሪዎ፣
ሙሴ ዳርጌ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለገበያው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለወይዘሮ ዘሪቱና ለወይዘሮ አስካለ፣ ለየብቻ
ለአንጁሎ፣ ተነብቦ የሚነገረው
ለቦራ፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ እንደሚያውቁት ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ወደ ጣቢያዎ የሚገባ ማንኛውም ደብዳቤም በቅጽ ቁጥር ሰባት ካልታጀበ ተቀባይነት እንደሌለው በፊርማዎ አሳውቀዋል። ደንብ አክባሪ ስለሆንኩ ቅጹን ሞልቼ አያይዣለሁ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ፣ አገልግሎት የሚያስፈልገው የሚለው ጋ፣ አስቤ አስቤ የእርስዎን ስም ጻፍኩ። የበሽታው ዓይነት በሚለው ቦታ “ሲነግሩት አለመስማት” ብያለሁ። ሕክምናው ይህ ደብዳቤ ስለሆነ፣ እዚህች ላይ ሲደርሱ አብቅቷል ማለት ነው። ተራ ቁጥር ሰባትን ግን፣ ከተፈለገ ስለሚል፣ አልሞላሁትም። ባዩሽ ባዶውን አይታ ዝም እንደማትል፣ ዶላሞም የተያያዘለትን ሳይፈጽም እንደማይተኛ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ ነገ ከሰዓት በኋላ ለሚሄደው መኪና ቀለል ያለ ልብስ ይያዙ፤ ኦሞራቴ ይሞቃል። ከላይ ያለው ልመናዬ ካልተፈጸመ ከጎንዎ የሚቆመው ቦራ ነው፤ አይፍሩት፣ መንገዱን በደንብ ስለሚያውቅ እርሱን እያዩ ይሂዱ። በአርቦሬ በኩል ዞራችሁ በሁለት ሳምንት ስትመለሱ እኔና አንጁሎ ገመድ ይዘን በሩ ላይ እንጠብቃለን። ቦራን እኛ እንረከባለን። እርስዎን ማን እንደሚረከብ ግን በቅጹ ላይ አልተጻፈም።